ሰባተኛው ቤት በሻውል ካፌ

ለሲጋል አባት፤

ከተለየኸን ይኸው አራተኛው ፋሲካ አለፈ። በየዓመቱ መቃብርህ ላይ ቆሜ ልነግርህ ያሰብኩት ሁሉ ልጆቹ አጠገቤ ሲሆኑ ይጠፋብኛል። ስለዚህ በወረቀት ላድርገው አልኩ። ፊደል የለየሁት አንተ ከካፌ ይዘህልኝ በምትመጣው አሮጌ የአማርኛ ጋዜጣ ነውና የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፌ ላንተ መሆኑ ተገቢ ነው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ልጃችን አሸር ከጻባ፣ ከውትድርናው፣ ወጥቶ ኪርያት ማታሎን አንድ ጋራዥ ገብቷል፤ ማታ ሲመጣ እጁ እንደ እጅህ ዘይት ዘይት ይሸታል። እኔ የጊቫት ሽሙኤልን የቢሮ ጽዳት ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ትቼዋለሁ። ሳሎን ያለው ሶፋ ተቀይሯል። አንተ የምትቀመጥበት ጎን ጎድጉዶ ስለነበር ልጆቹ ሲያወጡት ኩሽና ገብቼ ቆየሁ።

የሻውልን ካፌ መቼም አትረሳውም። እዚሁ ሃዳር ጋኒም፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው። ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ከመውጣትህ በፊት እዚያ ትቀመጥ ነበር። እኔንም አውቶቡሱ የሚያወርደኝ እዚያው ነው። በመስታወቱ ታየኝና በእጅህ ነይ ትለኛለህ፤ እኔ ዕቃዬን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውሬ እንዳላየ ሰው አልፋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ አደረግን። ቡና ቤት የምትቀመጥ ሴት በእኛ አገር ምን እንደምትባል ይዤው ነበር የመጣሁት። አንተ የዚህ አገሩ ሌላ ነው፣ እናትም ልጅም የሚቀመጥበት ነው ብለህ አስረዳኸኝ። እኔ ደግሞ ሥራ የፈታ ወንድ መዋያ ነው ብዬ መለስኩልህ። ያ ቃል ካንተ በኋላ ከሆዴ አልወጣም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን በሲጋል ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት ላግባው ያለችውን ልጅ ይዛ መጣች። ዮናታን ይባላል፤ ነርስ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ የሚል ልጅ ነው። ወደድኩት። አያቱን እትዬ ስመኝን ደግሞ አንተም በስም ታውቃቸዋለህ፤ ነታንያ ነው ያሉት። እሳቸው ዘር ሳይቆጠር ሠርግ አልረግጥም አሉ። ምክንያት ነበራቸው። አንዲት ሴት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እነዚህ ልጆች እኮ አንድ ሥር ናቸው ብላ መናገሯን ሰምተዋል። ሲጋል ይህን ስነግራት መጀመሪያ በዕብራይስጥ ተቆጣች፤ በዚህ ዘመን ይህን የሚቆጥር ማነው አለችኝ። ትንሽ ቆይታ በአማርኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ግን ዘመዳሞች ከሆንስ እማ?” አለች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

በአንዱ ወገን እንኳ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የተገናኘ ወንድምና እህት ነው፤ በሁለቱም ስምንተኛው ላይ የተገናኘ ይጋባል። ያደግንበት ነው። በዮናታን ወገን ቆጠራው ስምንተኛው ላይ ወርቁ የሚባል ሰው ዘንድ እንደሚደርስ እትዬ ስመኝ ነገሩኝ። በእኛም ቤት ወርቁ የሚባል አለ፤ በእናትህ በኩል። ስንተኛው ላይ እንደሚቆም ነው የጠፋኝ። የራሴን ወገን እስከ ላይ እቆጥራለሁ። ያንተን ከአራተኛው በላይ አላውቀውም፤ አንተ እያለህ እኔ መያዝ ያለብኝ አልመሰለኝም። ወንድምህን ልጠይቅ ቤር ሸቫ ድረስ ሄድኩ፤ እሱ ግን መልሶ እኔን ማን ነሽ አለኝ።

ያኔ ነው ጓደኞችህ ትዝ ያሉኝ።

ካፌው በር ላይ ብዙ ቆምኩ። ውስጥ አንድ ወታደር ጭንቅላቱን ቦርሳው ላይ ጥሎ ተኝቷል። አንዲት ፊሊፒናዊት የምታስታምማቸውን ሽማግሌ አፍ በሶፍት ትጠርጋለች፤ ሽማግሌው ደግሞ ይስቁባታል። ጥግ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ብቻዋን መጽሐፍ ታነባለች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ያቺን ሴት አይቼ ነው የገባሁት።

አያ ተገኘና አያ ፈረደ እዚያው ጠረጴዛችሁ ላይ ነበሩ። አያ ፈረደ አዩኝና፣ “ተገኘ፣ ቀና በል፤ ስንት ዓመት በመስታወት ያየናት ሴት በበር ገባች” አሉ። ሻውልም መጣ። ሚስትህ መሆኔን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ከዚያ በዕብራይስጡ፣ “ያላ፣ ተቀመጪ፤ ሀፉክ ነው ጥቁር?” አለኝ። ውሃ ይበቃኛል አልኩት፤ አልሰማኝም፤ ወተቱ ከቡናው የሚበዛውን በብርጭቆ አመጣልኝ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው አያ ተገኘ ሳቁ። “ለቆጠራ ከሆነ ቦታውን አልሳትሽም” አሉኝ። ከረሆቦት፣ ከሐዴራ፣ ከየትም ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ድረስ እየመጣ አንተን ያስቆጥር እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። እዚህ ተቆጥሮ የተጋባ አለ፤ እዚህ ተቆጥሮ እያለቀሰ የተለያየም አለ። ሥራ የፈታ ወንድ መዋያ ያልኩት ይህን ነበር። ለምን አልነገርከኝም ልል ነበር። ነግረኸኝ ይሆናል፤ የማልሰማ እኔ ነበርኩ።

አያ ተገኘ ጣታቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ሲጋል አንድ፣ አንተ ሁለት፣ እናትህ ሦስት፣ አባቷ አራት። አያ ፈረደ ጣልቃ እየገቡ፣ “ይህ ሰው የልጅ ልጁን ስም እየረሳ የሙታኑን ይጠራል” ይላሉ። አምስተኛ ካሳ። ስድስተኛ ደርሶ። ሰባተኛ እንግዳ። “ስምንተኛ ወርቁ!” ብለው ጠረጴዛውን መቱ። “በሰደር፣ ደህና ነው፤ ልጅሽን ዳሪ።” አያ ፈረደ እጄን ያዙና መዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ወታደሩ ነቅቶ አየን።

እኔ ግን እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የእናትህ ለቅሶ ትዝ አለኝ። አልቃሿ የአያቶቿን ስም እየጠራች ስታወርድ፣ ደርሶ ብላ ጠርታ፣ እናቱ እንግዳ ያለችው ደርሶ ብላ ነበር። ስሞቹን ያኔ ሰምቻለሁ፤ በየትኛው ቤት እንደሚቆሙ ነው የማላውቀው የነበረው። ደርሶ አባቱ ያወጣለት ነው፤ እንግዳ እናቱ የምትጠራበት። አንድ ሰው ናቸው። አያ ተገኘ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረውታል።

እንዲህ ከሆነ ወርቁ በእኛ በኩል ሰባተኛ ነው።

ይህን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ከእኔ በቀር የለም ብዬ አሰብኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸዋል፤ እኔ ዝም ብል ሲጋል በሩን ትከፍታለች። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ በመስታወቱ በኩል ስንት ዓመት ዝም ብዬህ አልፌያለሁ። አንተ ግን ሰው የሚተማመንበትን ቃል እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስታወጣ ኖረህ፣ የገዛ ልጅህ ቆጠራ እዚሁ በእኔ ዝምታ ይበላሽ?

ተናገርኩ። አያ ተገኘ አንዷን ጣታቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። “ልክ ናት፤ ሰባት ነው” አሉ። አያ ፈረደ ግን ተናደዱ። “ምን አናገረሽ? እልል ልንል አልነበረም?” አሉኝ። ሻውል ከሩቅ የሁላችንንም ፊት አይቶ መጣና ቡናው ተበላሽቶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ለልጆቹ ያንኑ ምሽት ነገርኳቸው። ዮናታን አንገቱን ደፋ። ሲጋል ብዙ ቀን አላናገረችኝም። እኔም ለእትዬ ስመኝ ደወልኩ። ቤቴ ጠርቼ ምግብ አቅርቤ ብነግራቸው ልለምናቸው ይመስልብኛል ብዬ ሻውል ካፌ ቀጠርኳቸው። ነጠላቸውን ለብሰው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። “ሰው ያየናል እኮ” አሉኝ። ማንም አያየንም ብዬ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩ። “ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?” አሉኝ። የሲጋል አባት ያውቃል አልኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

“እኔ የፈራሁት ሰባትን አይደለም” አሉ። “ከሠርጉ በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ከሰው አፍ መስማትን ነው። አሁን ካንቺ ሰምቻለሁ።” ቡናቸውን ጨረሱ። ከዚያ፣ “እንግዲያው ከሁለቱም ወገን ዘመድ ሆኜ ነው የምመጣው፤ ሁለት ቦታ አስቀምጡኝ” አሉኝ። ካንተ በኋላ ሰው መሃል እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ ማንም አላየንም።

ሁሉም አልተስማማም። ለቤተ እስራኤሉ ቄስም እውነቱን ነግረናቸው ነው የሁለቱ ቤት ስምምነት ካለ ብለው የባረኩን። አያ ፈረደ ሠርጉ ላይ አልገኝም ብለዋል፤ አልቀየምኳቸውም፤ ያደጉበትን ነው የያዙት። አንተስ? አያ ተገኘ አንድ ጊዜ ሰባተኛው ላይ የተገናኙ ልጆችን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደከለከልክ ነግረውኛል። ስለዚህ ይፈቅድ ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም። ሌሊት ስነቃ የሚከብደኝ ይኸው ነው። እኔ የማውቀው በልጅህ ቆጠራ ላይ ሐሰት አለመግባቱን ብቻ ነው። በፍርዱ ብሳሳት እንኳ በፊትህ የምቆመው እውነቱን ይዤ ነው።

ሠርጉ ከሻቩኦት በዓል በኋላ ነው። ሲጋል አሁን ታናግረኛለች፤ ትናንት ቀሚሷን ለብሳ አሳየችኝ፤ አንገቷ ያንተ ነው።

ያንተን ወገን ከታች እስከ ወርቁ ይዤዋለሁ፤ ደርሶን አንድ ጊዜ ብቻ እየቆጠርኩ። ለልጆቹም እያስያዝኳቸው ነው። አሸር በዕብራይስጥ እየቀላቀለ ይሳሳታል፤ እንደገና አስጀምረዋለሁ። ሲጋል ልጅ ስትወልድ አንተ ሦስተኛው ቤት ትሆናለህ፤ ያ ልጅ ሲወልድ አራተኛው። እየራቅህ ትሄዳለህ። ነገር ግን ከእነሱ የሚወለድ ሁሉ ሊዳር ሲል ባንተ በኩል ማለፍ አለበት፤ ስምህን ሳይጠራ ወደ ላይ የሚወጣ አይኖርም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማንም አንተን ዘሎ እንዲቆጥር አልፈቅድም።

የልጆችህ እናት