ለሙሴው ቃል የተውኩት ትልም

ምሕረቴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሰው ሲጠይቀኝ ይመስገን ብዬ አልፋለሁ፤ ለአንተ ግን ዘርዝሬ ልንገርህ። ቤቱ አያፈስም። ቡሬ ያለችው ልጃችን ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ አፍንጫው ያንተው ነው፣ ምን ይደረግ! በቅሎዋን ሸጥኳት፤ ካንተ በቀር ማንንም አላስቀምጥ ብላ አስቸገረችኝ።

የሚካኤል ማኅበራችን በአንተ እግር ማንን ሙሴ አድርጎ እንደመረጠ ብትሰማ ትስቅ ነበር። የክርስትና ልጅህን፣ አንዱዓለምን! ያ ክርስትና ሲነሳ በጩኸቱ ቄሱን ያደናገረው ልጅ ዛሬ ማኅበሩን ይመራል፤ ሲገባ ሽማግሌው ሁሉ ይነሳለታል። እኔም እነሳለሁ። መጀመሪያ ግን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነበር። ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ እኮ ነው።

የፈተነኝ የወንድምህ የይርጋ ነገር ነው። አምና በእርሻ ወራት ቦዩን ተሻግሮ ማሳችንን አረሰው። ቦዩን ጎርፍ ወደ እሱ ገፍቶት ነው እንጂ መሬቱ ከአባታችሁ ለእሱ የደረሰው ድርሻ ነው አለ። እኔም ፍኖተ ሰላም ሄጄ ልከሰው ተነሳሁ። አንዱዓለም ይህን እንደሰማ፣ በማኅበሩ ሥርዓት የተጣላ ጽዋ አይቀምስምና፣ ሁለታችንንም ከጽዋው ከለከለን። ክሱን እንድተወው፣ ድንበሩን ከሽማግሎች ጋር እስኪያይ ማናችንም መሬቱን እንዳንነካ አዘዘ። በዚያ ዝናብ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ማሳውን ዞረ፣ አሮጌውን የቦይ መስመር የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቀ።

በሚቀጥለው ማኅበር ፍርዱን ተናገረ። ዳር ያለውን ሁለት ትልም ለይርጋ ሰጠው። በሰው ሁሉ ፊት!

እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቀኝ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ከማኅበሩም ልቀር ወሰንኩ። ማን ይይዘኛል? ማኅበር እንደሆን ፖሊስ የለው። በር ላይ ስደርስ ግን ያረፉትን አባላት ስም እየጠሩ ነፍስ ይማር ማለት ጀመሩ። ያንተ ስም ተጠራ። እኔ ከወጣሁ ቤታችን ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምህን ማን ያስጠራዋል? ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና ለሙሴው እሺ አልኩት። ለአንተ ምን እደብቅሃለሁ፣ ያን ቀን እሺ ያለው አፌ ብቻ ነው፤ ልቤ የደረሰው ሰንብቶ ነው።

የአንዱዓለም ፍርድ ግን አላለቀም ነበር፤ ስም መጥራቱ እንዳበቃ የቀረውን ተናገረ። ይርጋ ሽማግሌ ሳይጠይቅ ስለተሻገረ፣ በየዓመቱ ከራሱ ማሳ አስቀድሞ የእኔን እንዲያርስ ወሰነበት። ይርጋ ፊቱ ጠቆረ። እሱም እንደ እኔ ጥሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን ተነስቶ እጅ ነሳ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሬዎቹን ነድቶ ደጄ ላይ ቆመ። አንተ ካረፍክ ጀምሮ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ግማሹን እህል ሌላ ሰው ይወስደው ነበር። ዘንድሮ ጤፉ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ ያማረ ጤፍ። ፍርድ ቤት ረትቼው ቢሆን ኖሮ ማን ያርስልኝ ነበር? አሁን ማንም ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ ለሙሴው ቃል በማደሬ የተጎዳሁት አንዳች ነገር የለም። አንተም ስትመራን ሰው እንዲህ እየዋጠ ይታዘዝህ እንደነበር ያኔ አላስተዋልኩትም።

በዚህ ወር ጽዋው በእኛ ቤት ነው። ጠላው ተጠንስሷል፣ ድፎውን እህትህ ትጋግርልኛለች። ይርጋ ትናንት ዳሱን ሊጥል መጥቶ፣ ማገሩን እያሰረ፣ ሳልጠይቀው አንድ ነገር ነገረኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህን አስጠራዋለሁ፤ ስከተልህ ደግሞ የሁለታችንንም ስም አንድ ላይ እሱ ሊያስጠራልን ቃል ገብቷል።

ባለቤትህ ውድነሽ