የእናታችን የወ/ሮ ትበርህ አረጋዊ ጾምና መድኃኒት

ወ/ሮ ትበርህ አረጋዊ ከአባታቸው ከአቶ አረጋዊ ተድላና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልጋነሽ ወልዱ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በአዲግራት ከተማ ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ተክለብርሃን ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ ወ/ሮ አልጋነሽ በማረፋቸው፣ ትበርህ ገና በልጅነታቸው ለወንድማቸው እህትም እናትም ሆኑ። ወንድማቸው ከጨዋታ ከዘገዩ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ካስነጠሳቸው ሳንባ ምች ነው ብለው ያለቅሳሉ። ይህ ስጋት አብሯቸው አደገ እንጂ አልለቀቃቸውም። ዘመድ ሁሉ "ትበርህ ሰው ሳይታመም ማስታመም የምትጀምር ናት" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በአዲግራት ከተከታተሉ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው አክስታቸው ዘንድ ተቀመጡ። ሁለተኛ ደረጃን በማታ ትምህርት አጠናቀቁ። ከዚያም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የበረራና የሆቴል ብርድ ልብስና አንሶላ በሚያጥብ ድርጅት ተቀጥረው፣ ከልብስ መተኮስ ጀምረው እስከ ፈረቃ ኃላፊነት ደረሱ። በእርሳቸው ፈረቃ የተቃጠለ አንሶላ አይገኝም ነበር፤ ካውያው ተነቅሎ እንደሆነ ለማረጋገጥ ከታክሲ ወርደው የተመለሱበት ቀን ግን ጥቂት አይደለም።

ጥር 1985 ዓ.ም. በቦሌ ሚካኤል የመኪና መለዋወጫ ይነግዱ ከነበሩት ከአቶ ኣባይ ገብረመድኅን ጋር በተክሊል ተጋብተው፣ ልጃቸውን ፊዮሪንና ልጃቸውን አብኔዘርን ወለዱ። አቶ ኣባይ ነገር የማይከብዳቸው ሰው ስለሆኑ፣ የሁለቱንም ሐሳብ ወ/ሮ ትበርህ ብቻቸውን ያስቡላቸው ነበር። ትዳሩም በዚህ የሥራ ክፍፍል በሰላም ኖረ።

በ2003 ዓ.ም. ግን ያ ንቁ ሰውነት መክበድ ጀመረ። ድምፃቸው ጎረነነ፣ ጸጉራቸው ረገፈ፣ ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። ጎረቤት "ወፍረሽ አምሮብሻል" ይላል፤ እርሳቸውም ድካም ነው ብለው ይተዉታል። ነገሩን የነቁበት የሥራ ባልደረባቸው ወ/ሮ ሳጂዳ ናቸው። አንድ ቀን በልብስ ማጠቢያው እንፋሎት መሃል ትክ ብለው አይተዋቸው፣ "ሴትዮ፣ እኛ ላብ በላብ ሆነን አንቺ ሹራብ ላይ ነጠላ ደርበሻል። ይሄ ድካም አይደለም። ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አሏቸው። ይዘዋቸውም ሄዱ።

ምርመራው የታይሮይድ ዕጢ መድከሙን አሳየ። አንገት ላይ ያለችው ይህች ዕጢ ሰውነትን የሚያነቃቃውን ሆርሞን በበቂ ሁኔታ ማመንጨት ትታ ኖሯል። መድኃኒቱ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ኪኒን ነው። ከባዱ ነገር ልኩን ማግኘቱ ነው። ካነሰ ሰውነት ይበርደዋል፣ ይደነዝዛል፤ ከበዛ ልብን ያስሮጣል። ሐኪማቸው ዶ/ር ሰዲቅ በሃምሳ ማይክሮግራም ጀምረው፣ በየሁለት ወሩ ደም እያስመረመሩ፣ ሰባ አምስት አድርገው፣ በመጨረሻ መቶ ላይ አረፉ። ውጤት በሚወጣበት ቀን በዚያ ቤት ሳቅ አይሰማም ነበር። መቶው ግን ተስማማቸው። ድምፃቸው ተመለሰ፣ ፊታቸው ፈካ። አቶ ኣባይም "እንዴት አደርሽ" ማለቱን ትተው "ኪኒንሽን ዋጥሽ?" ማለት ለመዱ። በ2006 ዓ.ም. ቤተሰቡ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲገባም፣ በ2012 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙም ልኩ ያው መቶ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲነሣ ስልክ ተቋረጠ። ለጥቂት ጊዜ መስመሩ ተከፍቶ እንደገና ሲዘጋ፣ አቶ ተክለብርሃን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚናገር ጠፋ። ከትግራይ የመጣ ቤተሰብ ሁሉ ያንን ጊዜ ያውቀዋል፤ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ወ/ሮ ትበርህ ግን ከሌላው የተለየ አንድ ነገር አደረጉ። የወንድማቸውን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ ተሳሉ። ስለታቸውን የነገሩት ለንስሐ አባታቸው ለቀሲስ መኩሪያ ብቻ ነው። ጾምን ማውራት ዋጋውን ያሳጣል ብለው ያምኑ ስለነበር ለባልም ለልጅም አልተነፈሱም። ስለቴ ሙሉ ይሁን ብለውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ፣ ኪኒኗም ጭምር፣ በአፋቸው እንዳትገባ ወሰኑ። ቤተ ክርስቲያን መጾምን በማትፈቅድባቸው ቀናት እንኳ ኪኒኗ ወደ ምሳ ሰዓት እንደዞረች ቀረች።

ማልደው ቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ማንም አልጠረጠረም። አቶ ኣባይ "ኪኒንሽን ዋጥሽ?" ሲሏቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም።

መድኃኒቷ ከምግብ ጋር ስትዋጥ ግን ሰውነት አብዛኛውን አይቀበላትም። የደም ውጤታቸው ተበላሸ፣ ብርዱም ተመለሰ። ዶ/ር ሰዲቅ "በየቀኑ እየወሰዱ ነው?" ብለው ጠየቁ፤ "አንድም ቀን አላሳለፍኩ" አሏቸው፤ እውነታቸውን ነው። መቶው መቶ ሃያ አምስት፣ ቀጥሎም መቶ ሃምሳ ሆነ። በቤቱ ጭንቀት ነገሠ። አቶ ኣባይ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አጡ፤ ኪኒኑ ሐሰተኛ ይሆን ብለው ከገርጂ እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞሩ። ፊዮሪ ሌላ ክፉ በሽታ ይሆናል ብላ ተደብቃ ታለቅስ ነበር። የወንድም ሐሳብ ሳያንስ ይህ ሲጨመር፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ከገና በኋላ በአንድ እሑድ ስልክ ተደወለ። ፊዮሪ አንሥታ ጥቂት ሰምታ፣ ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። ወ/ሮ ትበርህ ከሁለት ዓመት ስጋት በኋላ ለወንድማቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል "ተክሌ፣ በልተሃል?" የሚል ነበር። ከዚያ ስልኩ በእጃቸው እንዳለ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው "ልቤ፣ ልቤ" ይሉ ነበር። ጎረቤት በእልልታ ቤቱን ሞላው።

ስለቱ ተፈጸመ። በማግስቱ ኪኒኗ ወደ ንጋት ተመለሰች፤ አሁን ግን መቶ ሃምሳ ናት፤ ሆዱም ባዶ ነው። ከሳምንታት በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ልባቸው ድው ድው ማለት ጀመረ። እንቅልፍ ራቃቸው፣ ሰውነታቸውም ከሳ። ሁሉም ሰው ደስታ ነው አለ። "ደስታም እንደ ኀዘን እንቅልፍ ይነሣል" እያሉ ይስቁ ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። በየካቲት መጀመሪያ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ወደቁ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የልባቸው ምት ሥርዓቱን ስቶ ነበር። የደም ምርመራው ሆርሞኑ እጅግ መብዛቱን አሳየ። ዶ/ር ሰዲቅ ግራ ገባቸው፤ ልኩን ከጨመሩ ወራት አልፈዋልና። "ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?" ብለው ሲጠይቁ አቶ ኣባይ ቀድመው "ሁልጊዜም ጎህ ሲቀድ ነው" አሉ። ወ/ሮ ትበርህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሊጠይቁ የመጡት ቀሲስ መኩሪያ ከአልጋው አጠገብ ቆመው ይህን ሰሙ። ሐኪሙ ኪኒኗን ያውቃሉ፣ ጾሙን አያውቁም፤ ቀሲስ ጾሙን ያውቃሉ፣ ኪኒን እንዳለ ያን ዕለት ገና ሰሙ። የንስሐ ምሥጢር ነውና መናገር አይችሉም። መስቀላቸውን አሳልመው፣ በሐሳብ ተውጠው ወጡ።

ልኩ ዝቅ ተደርጎላቸው ከሐኪም ቤት ወጡ፤ ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ወ/ሮ ትበርህ ደግሞ ለምስጋና፣ ጾሙን እንደ ስለታቸው ጊዜ ኪኒኗንም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሳይወስዱ ሊጾሙ አስበው ነበር። በጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት በር ተንኳኳ። ቀሲስ መኩሪያ ሳይጠሩ ከቦሌ ሚካኤል መጥተዋል። ተቀምጠው፣ "እስቲ ጥቂት ውኃ ስጡኝ" አሉ። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ካህን በዐቢይ ጾም በማለዳ ውኃ ሲጠይቅ ማን አይቶ ያውቃል? ቀሲስ ከኪሳቸው ኪኒን አውጥተው በሁሉም ፊት ዋጡ።

"የደም ግፊቴ ነው። ምግብ አይደለም፤ ጾሜንም አልሻርኩም" አሉ። ብርጭቆውን ወደ ወ/ሮ ትበርህ ገፋ አድርገውም፣ "ያንቺንም አምጪ፣ ልጄ" አሏቸው። ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ወ/ሮ ትበርህ እያለቀሱ ሄደው አመጡ፣ ዋጡም። ከዚያ ለባላቸውና ለልጆቻቸው ሁሉንም ተናገሩ።

ዶ/ር ሰዲቅ ሲነገራቸው፣ "እናቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሳክም የነበረው ጾምዎን ነው" አሏቸው። "ሙስሊም ታካሚዎቼን ለረመዳን ስለ መድኃኒት ሰዓታቸው እጠይቃለሁ፤ እርስዎን ሳልጠይቅ ቀረሁ" ብለውም አዘኑ። ልኩ በጥንቃቄ ተስተካክሎ ወደ መቶ ተመለሰ፤ የደም ውጤቱም ረጋ። ልባቸው ግን ወደ ቀድሞ ምቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አቶ ተክለብርሃን አዲስ አበባ መጡ፤ እህትና ወንድም ተገናኙ። ወ/ሮ ትበርህ እስኪበቃቸው አዩዋቸው፤ ሲያስነጥሳቸውም እንደ ልጅነታቸው ደነገጡላቸው። ሲነግሩን የነበረው አንድ ነገር ነው፦ "በሕይወቴ ሳለሁ ለተክሌ እንዳትነግሩት፤ ዕዳ ያደርገዋል። ስሞት ግን በሰው ፊት ይነበብ፤ ሌላው እንደ እኔ መድኃኒቱን ከጾሙ እንዳያጣላ። ጾሙን ለንስሐ አባቱ፣ መድኃኒቱንም ለንስሐ አባቱ፣ ሁለቱንም ለሐኪሙ ይንገር።"

ወ/ሮ ትበርህ ባደረባቸው የልብ ድካም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ኣባይን፣ ልጆቻቸውን ፊዮሪንና አብኔዘርን፣ እንደ እህት የሚወዷቸውን ወ/ሮ ሳጂዳን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ተክለብርሃንን ትተዋል።

አቶ ተክለብርሃን፣ ይህን ዛሬ ገና እየሰሙ ነው። ቤተሰቡ እናንብበው አናንብበው ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቅ አድሯል፤ ልቧን የጎዳሁት እኔ ነኝ እንዳይሉ ፈርተናል። እህትዎም ይህንኑ ፈርተው ኖሮ የሚነገርዎን ቃል ትተውልዎታል፦ "ተክሌ፣ ድምፅህን በሰማሁ ቀን ልቤን ያስመታው ኪኒኑ ነው ቢሉህ እንዳትሰማቸው።" ዶ/ር ሰዲቅን ጠይቀናል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ልብ ለማስሮጥ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ የዚያ እሑድ የልብ ምት የእርስዎ ነው።

በልጅነታቸው በር ላይ ቆመው ሰው ይጠብቁ ለነበሩት እናት አምላክ የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው፤ ለቀረነው ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።