ታዴ፣ ወርቆችህ ተሸጡ!

ታዴዬ፣ የኔ ግትር፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ ግን ለቅሶ አልጽፍልህም፤ አፌን ይዤ ብቀመጥ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። የአሜሪካ ወርቆችህ ተሸጡ!

እዚህ ሮም አሥራ አንድ ዓመት የጦርካቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ሲሞቱ፣ ልጆቻቸው የሥራ ስንብት ገንዘብህን፣ ሊኩዊዳሲዮኔህን፣ ሊከፍሉህ ጠሩህ። አንተ ግን ገንዘቡ ይቅርብኝ ብለህ በምትኩ ሽማግሌው ከሰበሰቧቸው ውስጥ ሦስት አሮጌ የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲሞች ይዘህ መጣህ። አጠገባቸው ቁጭ ብለህ የሳንቲም ሙያውን ተምረህ ኖሯል፤ እኔ ምን አውቄ! ለቤት መግዣ ስጠብቀው የነበረ ገንዘብ ነው። ሦስት ወር አኮረፍኩህ። የሰፈሩ ሐበሻም ሳቀብን።

የሠራሁትንም አልረሳሁም። ሥራ በሄድክበት አንዱን አውጥቼ፣ እናቴ የብር መስቀሏን እንደምታጸዳው፣ በአመድና በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ አብረቀረቅኩት። ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው! ስታየው አልጋው ላይ ቁጭ አልክ። የሁለት መቶ ዓመት ቆዳውን ገፈፍሽው ብለህ ዝም አልክ፤ አልተቆጣኸኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካረፍክ በኋላ የኪራይ ክፍላችንን ለቅቄ ከማስታምማቸው አሮጊት ሲኞራ ቤት ገባሁ። ዘንድሮ እሳቸውም አረፉና ልጃቸው በወሩ መጨረሻ ልቀቂ አለችኝ። መሄጃ አልነበረኝም። ሳንቲሞቹን ይዤ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ወርቅ ገዢ ሄድኩ። ሚዛን ላይ ወርወር አድርጎ በግራም ሊገዛቸው! ባሏ የሞተባት ጥቁር ሴት ምን ታውቃለች ብሎ ነዋ። ጨንቆኛልና ልሰጠው ነበር። ግን ያ ዝምታህ ትዝ አለኝ። ወርቁ ከፍትጊያው በኋላም ያው ወርቅ ነበር፤ በግራም የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ መች እንደዚያ ታዝን ነበር? ሦስቱንም ለቃቅሜ ወጣሁ።

ጨረታ ቤት ወሰድኳቸው። የሳንቲም አዋቂዋ በማጉያ መነጽር አገላብጣ አየች። የፈተግኩትን ወደ ጎን አደረገችው፤ ሁለቱን ግን ማንም ሳይወለውላቸው እዚህ መድረሳቸው ብርቅ ነው አለች። የጨረታው ዕለት ነጠላዬን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዋጋው ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። መዶሻው ሲወርድ ግን አልቻልኩም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት! ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

አሎራ፣ እንግዲህ ታዴ፣ ከሮም ዳር ሮማኒና ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ገዛሁ። ጠባብ ናት፤ ግን ልቀቂ የሚለኝ የለም። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁህ። ሮም ስንኖር ስማችን የማንም በር ላይ ተጽፎ አያውቅም። አሁን ደወሉ ላይ ያንተን ስም አስጻፍኩ። ፖስተኛው አንተን ይጠራል፣ እኔ አቤት እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ያን ስም የሚነቅል የለም።

ያንተው ኩርፊያም፣
አልማዝ