ኮረብታውን ሲወርድ ያላየነው

ውድ ሙስአብ፣

በሩን በኃይል ዘግተህ ከሄድክ ወዲህ ስልክ አታነሳም፤ ስለዚህ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። መጻፉ ለእኔም ይሻለኛል። አንተ አፍህ ፈጣን ነው፤ ለእኔ መልሱ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ወንድምህ በከር፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ሚስቴ ለዛሬ ጥያቄ ነገ ነው የምትመልሰው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይኸው ነገ ደረሰ።

መልሴ እንቢ ነው። ከፈረሱ ቤቶች የሰበሰብከው የኤሌክትሪክ ገመድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ሱቃችን ጓሮ አይቃጠልም። ገመዱ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ቀይሬዋለሁ። ሌባ ልትለኝ ትችላለህ። ልትከሰኝም ከፈለግህ ፍርድ ቤቱ ልደታ ነው፤ ከቤቴ በእግር ስለሆነ ቀድሜህ እደርሳለሁ።

ያን ቀን የተናገርከውን አልረሳሁም። ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ኮሌጅ ገብተህ የተማርከውን ልታስረዳኝ ጠመኔ አንስተህ በሱቁ የብረት በር ላይ ኮረብታ ሳልክ።

«አየሽ እትዬ፣ አገር ደሃ ስትሆን ጭሷ እዚህ ታች ነው። ስታድግ ጭሱም አብሯት ይወጣል። ሀብታም ከሆነች በኋላ ግን ንጹሕ አየር የመግዛት አቅም ይኖራታል፤ ጭሱ በዚህ በኩል ይወርዳል። መጀመሪያ እንብላ፣ ከዚያ እንጠርጋለን።»

ጎረቤታችን ቢልቂስ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ «አንተ፣ ደግሞ ተራራ መሸጥ ጀመርክ?» አለችህ።

«ሸጬ ጨርሻለሁ፤ ገዢው ሐሙስ ይመጣል!»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

በከር ከሞተ ጀምሮ ቤቱ ጸጥ ሲልብኝ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የማገኘውን ሁሉ እንደማነብ ታውቃለህ። ከኮረብታው ሌላ መንገድ አለ፣ አንድ ነገር ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ ተጠግኖ፣ መልሶ ሌላ ነገር የሚሆንበት፣ ምንም የማይጣልበት ቀለበት አለ አልኩህ።

«እትዬ፣ እኛስ ምን እያደረግን ነው? ገመድ አቃጥለን መዳቡን አውጥተን ለገበያ እንመልሳለን። ቀለበትሽ እኮ ይኸው!»

ልክ ነበርክ። ስንት ቀን አሰላሰልኩት። መዳቡ በእርግጥም ዞሮ ገበያ ገብቷል፤ ጭሱ ግን የዞረው በበከር ደረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀለበት መሆኑ ብቻ አይበቃም። እድገት የሚባለው ነገር ራሱ ይቁም የሚሉም አሉ፤ እነሱንም አንብቤያለሁ። እነሱ ምሳ በልተው የጻፉት ይመስለኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው እያደሩ ገመድ የሚሰበስቡልህን ሠራተኞችህን «ከእንግዲህ አትደጉ» የሚል አፍ የለኝም። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ያን ቀን ግን በቀለበቱ አላበቃህም፤ ይህንን ጨመርክ።

«በጁምዓ ሶላት ሰዓት ሰፈሩ ባዶ ነው፣ ያኔ አቃጥለው ብለሽ ወንድሜን ያዘዝሽው አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነኝ። የኮሌጅ ክፍያህ ደርሶ ነበር፤ ገመዱን በቢላዋ መላጥ ደግሞ ቀን ይፈጃል። «ሶላቱስ?» አለኝ በከር። «አላህ መሓሪ ነው» አልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ መስጊድ ሲሄድ እሱ የሸሚዙን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ እሳቱን በብረት ያገላብጥ ነበር። ሰው ሲመለስ ጭሱ በኗል። ማንም አልከሰሰንም፤ ማንም ስላልከሰሰን ማንም አላስቆመንም። ያ ጭስ በመዳቡ ዋጋ ውስጥ አልገባም። ገዢው አልከፈለውም፤ እኔና አንተም አልከፈልነውም። ሳሉ ሲጀምረው «ብርድ ነው» ተባባልን።

ይህን ስታነሳ አፌ የሚዘጋ መስሎህ ነበር። ተሳስተሃል ሙስአብ። የምከለክልህ እኮ ያኔ «አቃጥለው» ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ያላወቀ ሰው ቢሆን ምናልባት ኮረብታህን ያምንልህ ነበር። እኔ በከር ሲወጣው አይቻለሁ፤ ሲወርድ አላየሁም። ከእንግዲህ ኮረብታም ይሳሉልኝ ቀለበት፣ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሳቱ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? መልሱ «ከሠራተኞቹ አንዱ» ከሆነ፣ ያ ሰው የአንዲት ሴት በከር ነው።

ሱቁ ውስጥ ረጅሙን አግዳሚ አውጥቻለሁ። ቢላዋዎቹ ተስለዋል። ቢልቂስ እያጉረመረመችም ቢሆን ከእኔ ጋር እየላጠች ነው፤ «ይሄ ልጅ ተራራውን ሸጦ ልጣጩን ለኛ ተወው» ትላለች። ሠራተኞችህን ይዘህ ና፤ ደመወዛቸው አይቋረጥም። ትርፉ ያንሳል፤ አልዋሽህም። የመዳቡ ገዢ መጠበቅ ካልቻለ ሌላ ገዢ እንፈልጋለን። ገመዱ ተልጦ ካልሆነ ግን ከዚያ በር አይወጣም።

በጁምዓ ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው። ያን ሰዓት መስጊድ ትሄዳለህ፤ ለበከርም ዱዓ ታደርግለታለህ።

በሩ ላይ የሳልከውን አልደመሰስኩትም። ዳገቱ መሀል ላይ ግን አንድ ትንሽ ሰው ጨምሬበታለሁ። ጠመኔው መስኮቱ ላይ አለ። ያንን ሰው ከዚያ የምታወርድበት መስመር ካለህ፣ መጥተህ ሳልና አሳየኝ።

ቢላዋ ይዛ የምትጠብቅህ፣
የወንድምህ ሚስት ቀመሪያ