ዐይቡን ንገሪኝ

ሰኞ

ዋሸሁ። አባባ የቱ ይሻልሻል ሲለኝ “ከባዱ” አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

ከሚሴ፣ ሰይድ ሱቅ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉ። ዋጋቸው እኩል ነው። ቀጭኑ ቻርጁ ግማሽ ቀን ይቆያል፣ ለጥናት ይበቃል፣ ጌም ላይ ግን ይንቀራፈፋል። ከባዱ የኳስ ጌሙን እንደ ውሃ ያስኬደዋል፤ ከሶኬት ሲነቀል ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አባባ ላሟን ቢሸጥም አዲስ መግዛት አይታሰብም። ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ።

ማክሰኞ

ዘሃራ ጋ ደወልኩ፤ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ እዚያው ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። በዶርም ለስምንት ልጅ አንድ ሶኬት ነው አለችኝ። መብራትም ይጠፋል።

ያም ሆኖ ከባዱን ነው የምፈልገው። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ወንዶቹን በሙሉ ያሸነፍኩት በዚያ ጌም ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ስሜን ያወቁት። ራሴን ታዘብኩት።

ረቡዕ

አባባ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላሟን ሸጦ መጣ። ካሰብነው በታች። እናቴ ምን ነካህ ብትለው፣ ስትታለብ እንደምትራገጥ ለገዢው ነግሬው ነው አለ። ማን ጠየቀህ አለችው።

“ዐይቧን፣ ጉድለቷን ደብቄ ብሸጣት ብሩ ሐራም ነው።”

ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ነገ ሱቅ አብሮኝ ሊሄድ ነው።

ሐሙስ

አባባ ከባዱን ላፕቶፕ እንደ ከብት አየው። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አገላበጠ፣ ማጠፊያውን ነካካ። ከዚያ ሰይድን ዐይቡን ንገረኝ አለው። ሰይድም ወደ እኔ ዞሮ ለሷ ነግሬያታለሁ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ሊለኝ ሲፈልግ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

“ኢንተለ ኮ፣ ዐይቡን ንገሪኝ።”

ነገርኩት። ባትሪውን፣ ዶርሙን፣ ጌሙንም። ቁማር እንዳይመስለው “ኳስ ነው እኮ” አልኩ እያለቀስኩ። ሰምቶኝ ሲጨርስ ብሩን እጄ ላይ አስቀመጠ።

“አሁን አውቀሽ ግዢ።”

ቀጭኑን ገዛሁ። ደስ አላለኝም፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዓርብ

አባባ ከጁምዓ መልስ አጠገቤ ተቀመጠና ያን ኳስ አሳዪኝ አለ። የሥዕሉን ጥራት እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ተከፈተ። ግን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። አፈርኩ። የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው አለኝ። ቀያዮቹ አልኩት። ወዲያው ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

“ደክሟቸው ነው” አለ። “አታጣድፊያቸው።”

ሳምንቱን ሙሉ ታንቆ የከረመ ሳቄ ወጣ። ነገ በጠዋት መኪና ነው። እፈራለሁ፤ ልብሴንም ገና አላጣጠፍኩም። አባባ ግን ጎል ካልገባ አልነሳም ብሏል።