የምትተነፍሰው ሸክላ

ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጂዳ
ስድስተኛዋም ተፈረካከሰች። የውሃ ማጣሪያ ሸክላ እንዲህ ያሳብዳል ወይ፣ ማስታወሻዬ? ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ አቀዘቅዛለሁ፤ በረዶው ሲተን የነበረበት ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እቶን። 1400 ዲግሪ ላይ ትፈርሳለች። 1550 ላይ ትጠነክርና ቀዳዳዋ ይደፈናል። ጀላቲን ጨመርኩ፤ ያው። አለቃዬ ሙዲሩ በወሩ መጨረሻ ካልያዘ ኸላስ፣ በቃ ብሏል። ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አብሮ ያበቃል።

ጨው አልባው የላቦራቶሪ ውሃ አልቋል። ሱቅ ‹ሙቀጠር› የሚሉት የዐረብኛ ስሙ ያኔ ጠፋኝና፣ ጽዳት የሚሠሩትን ሐጂ ሰዒድን ንጹህ ውሃ አምጡልኝ አልኳቸው። ወሎዬ ናቸው፤ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ተወልደው ያረጁ።

ሐሙስ፣ ቀን 6 ሰዓት
ሐጂ ባመጡልኝ ውሃ ሰባተኛው ዙር ያዘ! በ1400! ጠንካራ፣ ውሃም የሚያሳልፍ። ከሦስቱ ሸክላዎች አንዷን ሙዲሩ ወዲያው ለደንበኛ ላካት።

ግን አንድ ነገር አለ። በቀሩት ላይ ውሃ ላንጠባጥብ ጎንበስ ስል ተነፈሱ። ደረቅ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ አየር ያወጣል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ገና አላንጠባጠብኩም። በስመ አብ!

እሑድ፣ 4 ሰዓት
አዲስ የላቦራቶሪ ውሃ መጣ። ስምንተኛውን ዙር ሠራሁ። ያው ድብልቅ፣ ያው ሙቀት። ዱቄት ሆነ።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለቱ እየተቀባበሉ ይተነፍሳሉ። አንዷ ስታስገባ አንዷ ታወጣለች። ኤሲውን አጠፋሁ፤ ቀጠሉ። ለካ እኔም በነሱ ልክ እየተነፈስኩ ነበር። ፈራሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ማክሰኞ
ሐጂን ያ ውሃ ከየት ነው አልኳቸው። ዘምዘም ነው! ንጹህ አላልሽም ወይ፣ ከሱ የሚነጻ የት አለ ብለው እሳቸው ተገረሙብኝ። ከመካ በጀሪካን ተሸክመው፤ እኔ ክርስቲያኗ ከማልገባበት ከተማ። ምን እላቸዋለሁ? እናቴን ብልካት ጸበል ይዛ ትመጣ ነበር።

ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ይሆናላ። የበረዶውን ቅርጽ ለወጠው፣ ሸክላዋንም በትንሽ ሙቀት አጠነከራት። ትንፋሹ ግን አልገባኝም። ለሐጂ አሰማኋቸው። አልደነገጡም። ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔም አወለቅኩ።

ረቡዕ
ደንበኛው ሸክላዋን ወዷታል፣ ጨምሩልኝ ይላል። ሙዲሩ ምን እንደተቀየረ ደርሶበታል፤ ማን እንደቀየረ በጽሑፍ ይፈልጋል። ሳያስፈቅድ የላቦራቶሪ ነገር የነካ ነገውኑ ይባረራል፣ ኢቃማውም ይሰረዛል።

ሐጂ የት ይሄዳሉ? ወሎን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። እኔስ ቢያንስ አገሬ የምገባበት ቤት አለኝ። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ገና ሲይዝ፣ አይ! አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም።

ወረቀቱን ጨርሻለሁ። ውሃውን የቀየርኩት እኔ ነኝ ይላል። ፈረምኩ።