በትንሿ ድንጋይ ላይ ምን ይጻፍ?

ለውድ እኅቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልብሽ እንዴት ነው? ትንፋሽሽስ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቁጭ ትያለሽ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽ ጋሼ እንዴት ነው? እናቱ እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ልጅሽ ሚጣዬ በወለቀው ጥርሷ ፋንታ በቀለላት ወይስ አሁንም በክፍተቱ እያፏጨች ታስቸግራችኋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ብስል እንኳ የድንጋይ አቧራ ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝምና እንዳታስቢ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩትና የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከትቼው ዋልኩ። ሐኪሙ ልብሽ ይህን እርግዝና እስከ መጨረሻው የሚችለው አይመስለኝም፣ ቶሎ ወስኚ ማለቱን ሳነብ ክው አልኩ። እማማ ነፍስ ነው እያሉ ሌት ተቀን እንደሚጸልዩ፣ ጋሼ ደግሞ አንቺን አጥቼ ምን ልሆን ነው ብሎ ከዚያ ወዲያ አፉን እንደ ዘጋ ጽፈሻል። ከታች ደግሞ፣ «አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰውን በጥያቄ ስታደርቅ ነው ያደግከው፤ እስቲ ዛሬ እኔ ልጠይቅህ። ሰው፣ ሰው የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? አድርጊ ወይም አታድርጊ እንዳትለኝ፣ የምታስበውን ብቻ ንገረኝ» ብለሽኛል። እታለም፣ ምናለ ስለ ዝናብ ብትጠይቂኝ ኖሮ! በስልክ እንዳልመልስልሽ ደግሞ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማማ አጠገብሽ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሆነውን ልጻፍልሽ፤ ጥያቄሽ ማንም ሳይጠራው ሥራ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበርና።

እንደምታውቂው የእኔ ሥራ በመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል መቅረጽ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ እጃችን እንዳይቦዝን በባዶ ድንጋዮች ላይ ሁለቱን ቃላት አስቀድመን እንቀርጻለን። ከላይ «ተወለደ»፣ ከታች «አረፈ»፤ ለሴትም እንዲሁ። ሰው ሲመጣ ስሙንና ቀኑን ብቻ መሙላት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ያወጡት አለቃችን ናቸው። ሁለቱ ቃላት ለማንም አይቀሩም ይላሉ። እኔም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ነገሩን ጠርጥሬው አላውቅም ነበር።

ያለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና በግቢዋ ጥግ የምታኖራት ትንሽ ድንጋይ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት ለልጄ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ እግዜር ያጽናሽ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር ትንሿን አውጥቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ ፊቷ አቆምኩላት። በጣቷ «ተወለደ» የሚለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ «ይሄ አይሆንም፤ አልተወለደም። በሦስተኛው ወር ሆስፒታል ሄጄ እኔው ነኝ ያቋረጥኩት» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። እኔ ግን ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ሊጻፍ እንደሚችል አስበን እንድንቆያት፣ ነገ እንደምትመለስ ነግራኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ መዶሻ የያዘ እጅ አልነበረም። አለቃችን ይህን ድንጋይ አልሠራም አሉ። ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ነፍስ ያለው ሰው ነው፣ ራሷ አጥፍታው ስታበቃ ምን ብላ ሐውልት ታቆምለታለች ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ድንጋዩን በየደንበኛው ቤት የሚያደርሰው ሾፌራችን፣ ባትሪው አልቆ ስለማያውቅ ሬዲዮ ነው የምንለው፣ እሱ ደግሞ ሰው ማለት ወጥቶ አየር ስቦ ያለቀሰ ነው አለ። ሴትዮዋ ማንንም አላጠፋችም፣ ነገር ግን ላልነበረ ሰው ድንጋይ ማቆም ምን ይባላል ብሎ ሳቀ። እኔ መሮዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ገርሞኝ ነዋ! ሰው ነው የሚሉት ድንጋዩን ነፈጓት፣ ሰው አይደለም የሚለው ኀዘኗን ነፈጋት። በተቃራኒ መንገድ ሄደው አንድ በር ላይ ተገናኙና በሩን ዘጉባት።

ድንጋዩን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው ባልደረባችን የአራት ልጆች እናት ናት። እሷ ሆዷ ውስጥ የተገላበጠ ቀን ነው ሰው መጣ የምትለው። ይህን ብላ ግን ወዲያው ራሷን ነቀነቀች፤ አንዱ ሳይገላበጥ ወርዶባት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም ነበር አለች። የራሷ ሕግ ራሷን አልገዛትም ማለት ነው። አለቃችንም ሬዲዮን ያዙት። ሊወለድ አንድ ቀን የቀረውስ፣ ሰው አይደለም ወይ ሲሉት ዝም አለ። እመኚኝ፣ ሬዲዮ ዝም አለ! ግን ብዙ አልቆየም። እርስዎስ አለቃ፣ ሚስትዎ ሁለት ጊዜ ሲያስወርዳት የልጆቹ ድንጋይ የት አለ፣ ስምስ አወጡላቸው ወይ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይወረወርም። አለቃችን ወደ ጓሮ ወጥተው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማን።

በማግሥቱ ሴትዮዋ ስትመጣ አለቃችን ራሳቸው ወንበር ሳቡላት። «ልጄ፣ ያደረግሽው ልክ ነው አልልሽም፤ አላምንበትማ። ግን ሰው ነው እያልኩ ድንጋይ ብከለክለው ውሸታሙ እኔ ነኝ» አሏት። እሷም፣ «ልክ ነሽ በሉኝ ብዬ አልመጣሁም አባባ። ብቻ እዚያ ውስጥ እሱ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ነበርኩ» አለቻቸው። ለምን እንዳደረገችው አልተናገረችም። ሬዲዮ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አለስላሿ እግሩን ረገጠችው። በድንጋዩ ላይ ምንም ቃል ሳይኖር አንድ ቀን ብቻ እንዲጻፍ ፈለገች። አለቃችን ያረፈበት ነው ወይ ሲሏት፣ የለም፣ መኖሩን ያወቅሁበት ቀን ነው አለች። ሥራውን ለእኔ አልሰጡኝም፤ አዲስ ድንጋይ አውጥተው፣ ስንት ዓመት ያልነኩትን መሮ አንስተው ራሳቸው ቀረጹላት።

ያቺ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፣ እታለም። ሰው የሚሆነው ሌላ ሰው ሲያውቀው ነው እንበል? ታዲያ ማንም የማያውቀው፣ ማንም የማይጠይቀው ሰው፣ ሰው አይደለም ልንል ነው? አይሆንም። የአለቃችን መስመር ወዲያና ወዲህ ስለማይል ደስ ይለኛል፤ ግን ራሳቸውም አልኖሩበትም። የሬዲዮ መስመር ደግሞ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስትገፊው ይፈርሳል። አንቺ በመሣሪያው ላይ የልቡን ትርታ እንዳየሽ ጽፈሽልኛል። ያንቺ እየደከመ የሱ ሲመታ ማየት እንዴት ያለ ነገር ይሆን? ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ሰው ነው ብለው ቢያሳምኑሽ እንኳ ስለሱ መሞት አለብሽ ማለት ነው ወይ የሚለው ገና አልተመለሰም። አይደለም ቢሉሽም ምንም አይሰማሽ ማለት አይደለም። ጥያቄሽ አንድ መስሎኝ ነበር፤ ስፈታው ሁለት ሆነብኝ፣ አንዱም ሌላውን አይመልስልሽም።

እንግዲህ የማስበውን ንገረኝ ስላልሽኝ እነግርሻለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ የሚሉትን ሁሉ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ፣ ሁሉም የሆነ እውነት ይዟል። እኔ ግን እፈራለሁ። አንቺን ማጣት እፈራለሁ። እናታችን ካረፈች በኋላ ፀጉሬን ያበጠርሽኝ፣ ለትምህርት ቤት ያስመዘገብሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን ፍርሃት ከሐሳቤ መለየት ስላቃተኝ ሐሳቤን በጥርጣሬ ስሚው። እማማንም አትቀየሚያቸው፤ እሳቸውም የሚወዱት ነገር እንዳይጠፋ ነው የሚጨነቁት። ጋሼንም ዝም አለ ብለሽ የማያስብ አይምሰልሽ። ምንም ብትወስኚ፣ ከወሰንሽ በኋላ ማንም ቢፈርድብሽ፣ እኔ ጋ ስትደውዪ ፍርድ አትሰሚም።

ሰላምታዬን ለየሰዉ አድርሽልኝ። ለጋሼ፣ እጁን ጨብጬ፤ ስልክ ሲደወል እሱም ያንሳ እንጂ። ለእማማ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፤ ጸሎታቸው ውስጥ ልብሽን እንዳይረሱ ለምኛለሁ በያቸው። ለሚጣዬ፣ ሁለቱን ጉንጮቿን፤ ፉጨቷ ናፍቆኛል። ለአንቺ ለእታለም፣ ግንባርሽን። እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፣ ግን ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን በጣቴ ስቆጥር አንድ ጣት ታጥፎ አልታጠፍ አለኝ። ሆድሽ ውስጥ ላለው ሰላምታ ብልክ ሰው ነው ብዬ የፈረድኩብሽ እንዳይመስልሽ፣ ብተወው የለም ብዬ የፈረድኩ እንዳይመስለኝ ፈራሁ። ስለዚህ ይህችን አንዷን ሰላምታ ስም ሳልጽፍባት በአንቺ እጅ ልኬያታለሁ። ካደረስሽም፣ ካላደረስሽም ላንቺ ትሁን።

የሁልጊዜ ወንድምሽ

ከድንጋይ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ